ጭረቱ የማን ነው?

በላፕቶፕ ገላ ላይ የሚታይ ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። ጭረት የላይኛውን ሽፋን ገፎ ወይም ሰንጥቆ ያለፈ መስመር ነው። ስርጉድ ደግሞ ብረቱ ወይም ፕላስቲኩ ምንም ሳይጎድለው ቅርጹን ለቅቆ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ነው። ሁለቱም ያጓደሉት ሥራ የለም፤ ቁልፉ ሲጫን ማሽኑ እንደ ወትሮው ይነሣል፣ ጽሑፉ ይጻፋል፣ ሒሳቡ ይሰላል። ሆኖም ባለቤቱን ያስከፋሉ፣ ዋጋ ያወርዳሉ፣ በርክክብ ጊዜ ክርክር ያስነሣሉ። ሥራ ያላጓደለ ነገር በምን ሒሳብ ጉዳት ይባላል? የብረቱ ጠባይ የመልሱን ግማሽ ይሰጣል፤ ሌላው ግማሽ ያለው ብረቱን በሚቀባበሉት ሰዎች መካከል ነው።

ከብረቱ ለመጀመር፣ እዚህ ለምሳሌ የተያዘው የሰሜን ሸዋ ደጋ ላፕቶፕን አስቀድሞ የሚፈትነው በመንገዱ ነው። ጣርማበር ላይ ከደሴው ጎዳና የሚገነጠለው መንገድ በመዘዞ አድርጎ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል፤ የግሼ ራቤል መንገደኛ ከዚያም ወዲያ ይቀረዋል። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው በሙከ ጡሪና በለሚ አልፎ፣ የጀማን ቆላ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲወጣ ነው ዓለም ከተማ የሚገባው። በእንዲህ ያለ ጉዞ ቦርሳ ውስጥ ያለ ላፕቶፕን ከመውደቅ ይልቅ መንቀጥቀጥ ይጎዳዋል። ክዳኑን የሚጭረውም ብዙ ጊዜ እዚያው ቦርሳ ውስጥ አብሮት የተጠቀለለው ቻርጀር ነው። የሶኬቱ ሹካ በየጉድጓዱ ነካ ያደርገዋል፤ ከመኪና ሲወረድ በአንድ ቦታ የተከማቹ ጥቃቅን ነጥቦች ይገኛሉ። ባለቤቱ ረዳቱን ይቆጣል፣ አጠገቡ የተጫነውን የሰው ጆንያ ይጠረጥራል፤ ቻርጀሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ፈተና አቧራ ነው። የመንዝና የግሼ አምባዎች የቆሙት ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ ሲፈርስ ከሚለቃቸው ማዕድናት መካከል ፌልድስፓር፣ ፍሪድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ 6ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ተራ መስታወት 5 ተኩል አካባቢ ነው፤ አሉሚኒየም 3 አይሞላም፤ ፕላስቲክ ከዚያም ይለሰልሳል። የመለኪያው ሕግ አጭር ነው፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። በዚህ ሕግ መሠረት ጭረት ከሚያበዙት ልማዶች አንዱ ንጽሕና ወዳድነት ሆኖ ይገኛል። አቧራ የለበሰውን ክዳን በነጠላ ጫፍ ወይም በሹራብ እጅጌ ወልወል የሚያደርግ ሰው ጨርቁ ለስላሳ ስለሆነ አይሰጋም፤ ከጨርቁ ሥር ያለው አሸዋ ግን ለስላሳ አይደለም። ክዳኑን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት የሚታዩት ክብ ክብ መስመሮች በአብዛኛው የዚህ ውልወላ ትርፎች ናቸው። አቧራውን አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ጥቂት እርጥበት ባለው ንጹሕ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ባና ለመጠቅለያ ቢውል ግጭት በማብረድ ከብዙ የሱቅ ቦርሳ አያንስም፤ አቧራን ግን በሆዱ ስለሚይዝ በየጊዜው መራገፍ ይፈልጋል።

ቁሱ ምን እንደሆነ ማወቅ የጉዳቱን ትርጉም ይለውጠዋል። ርካሽ ላፕቶፖች የሚለብሱት ፕላስቲክ በብዛት ኤቢኤስ ወይም ፖሊካርቦኔት አለዚያም የሁለቱ ድብልቅ ነው። ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ከሆነ ከጭረቱ ሥር ያው ቀለም ስለሚወጣ ብዙ አይታይም፤ በላዩ የተቀባ ከሆነ ግን መስመሩ ከሩቅ ይለያል። ፕላስቲክ በብርድ ጊዜ ልስላሴው ይቀንሳል፤ ውርጭ በሚወርድባቸው የመንዝ ማለዳዎች የወደቀ ክዳን ከመሰርጎድ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። አሉሚኒየም ሌላ ነው። ላዩ በኤሌክትሪክና በኬሚካል ኃይል ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተለወጠ ነው፤ አኖዳይዝ የሚባለው ይህ ሽፋን ውፍረቱ በማይክሮን የሚቆጠር ሲሆን በኬሚካል ቅመራው ከሩቢና ከሳፋየር ጋር አንድ ነው። ቀለሙ የተቀመጠው በዚሁ ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ ጠለቅ ያለ ጭረት ቀለሙን ይዞት ይሄዳል፤ ከሥሩም የሚያብለጨልጭ ብረት ብቅ ይላል። ብረቱ ግን እንደ ቆርቆሮ አይዝግም፤ አየር እንደነካው ራሱ በራሱ ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል። ስርጉድም የራሱ ሕግ አለው። ብረት ጥቂት ሲገፉት ተመልሶ ይነሣል፤ ከልኩ ካለፈ በዚያው ይቀራል፣ የታጠፈው ቦታም ከቀድሞው ይበልጥ ይደድራል። ማቃናት ማለት ይህን የደደረ ቦታ ዳግመኛ ማጠፍ ስለሆነ እንደ መጀመሪያው ለጥ ያለ ገጽ አይመለስም።

አፕል በ2008 እ.ኤ.አ. ገላቸው ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተፈለፈለ ላፕቶፖችን ካወጣ ወዲህ ብዙ አምራቾች መገጣጠሚያ የማይታይበትን ገጽ የውበት መለኪያ አድርገው ተከተሉ። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ትንሽ ጭረት ብዙ ትጮኻለች። ዕቃው ማንም እንዳልሠራው፣ ማንም እንዳልነካው መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጭረት ሰው እንደነካው የሚያጋልጥ የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል። ቅሬታው ግማሽ በግማሽ አምራቹ ያዘጋጀው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የመልክ ጉዳት የተባለው ሁሉ ግን በመልክ ላይ ያበቃል ማለት አይደለም። ክዳኑ መሀል ላይ የተሰረጎደ ላፕቶፕ ስክሪኑን ከኋላ ይጫነዋል፤ ነጣ ያሉ ነጥቦች በምስሉ ላይ ሲወጡ ነገሩ ከመልክ አልፏል። ማዕዘኑ የተጣመመ ገላ መታጠፊያውን ያጠብቀዋል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ኃይል የሚያርፈው በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩት የብሎን መያዣዎች ላይ ስለሆነ ከወራት በኋላ ይነቀላሉ፣ ክዳኑም ከገላው ይላቀቃል። ከሁሉ የሚያሰጋው የባትሪው ወገን ነው። የሊቲየም ባትሪ ተመትቶ ወይም አርጅቶ ሲያብጥ ተችፓዱ ይነሣል፣ የታችኛው ሽፋን ይለቃል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል። ይህን «ትንሽ ተጣሟል» ብሎ ማለፍ፣ ይባስ ብሎም በእጅ ተጭኖ ለመመለስ መሞከር እሳት መጋበዝ ነው፤ ቻርጅ ማድረግ ተቋርጦ ባትሪው በባለሙያ እጅ ይወጣል።

በተቃራኒው ከባዱ ጉዳት ፈጽሞ የማይታይም አለ። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ንጣፉም ስለሚሳሳ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ገደማ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የመንዝ ጓሳ ምድር ደግሞ ከ3,200 ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ክዳኑ እንደ መስታወት የጠራ ሆኖ ዲስኩ ከተሠራበት ልክ ጠርዝ ላይ ወይም ከልኩ ውጭ ሲሽከረከር ይውላል። ተንቀሳቃሽ ክፍል በሌለው ኤስኤስዲ የተተካ እንደሆነ ይህ ስጋት ይቀራል። ዓይን የሚጠብቀው ክዳኑን ሲሆን፣ ሰነዱን የሚያጠፋው ግን ዓይን የማያየው አየር ነው።

በአማርኛ ለሚያስብ ሰው እዚህ ላይ የሰምና ወርቅ ነገር ወዲያው ይመጣበታል፤ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን ያወጣው ከዚሁ ነው። ክዳኑ ሰም፣ በውስጡ ያለው ሥራ ወርቅ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። ነገር ግን ምሳሌው አይገጥምም። ሰም ወርቁን ቀርጾ ይቀልጣል፤ ክዳን አይቀልጥም። ደግሞም ለአንዳንዱ ሰው መልኩ ራሱ ዋናው ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው ከሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ገዢው ወዲያው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው።

የደረሰውን የመልክ ጉዳት ለመጠገን የሚቻለው ጥቂት ነው። ጭረቱ ሹል ጠርዝ ትቶ ልብስና እጅ የሚቧጥጥ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ማለስለስ ተገቢ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ፣ የቻርጀርና የፍላሽ ቀዳዳዎቹ ተሸፍነው መሆን አለበት፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ወደ ውስጥ ከገባ መልክ ለማሳመር የተጀመረው ሥራ ማዘርቦርድ ያቃጥላል። በጥርስ ሳሙና ስክሪን ማሸት የሚባል ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ሳሙናው ራሱ የሚፍቅ ብናኝ አለበት፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተለበጠውን ስስ ንጣፍም ያነሣዋል። ስርጉድን በመዶሻ ማቃናት ከክዳኑ ጀርባ ስክሪን እንዳለ መርሳት ነው። የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ስቲከር ነው። ተማሪዎች ይህን ቀድመው አውቀውታል፤ የእግር ኳስ ክለብ አርማ፣ ባንዲራ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በላፕቶፕ ክዳን ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ገጹ ለማን እንደሚጠበቅ መጠየቅ ነው። በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ «ፓክድ» ይባላል፤ ሌላው «ያገለገለ» ነው። ከውጭ ከሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ንብረት የነበሩ ናቸው፤ የአንዳንዱ ክዳን ላይ የንብረት ቁጥሩ የተላጠበት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ይታያል። ነጋዴው በፊደል ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ ኤ ጭረቱ የማይታይ ነው፣ ቢ የሚታይ ግን ቀላል፣ ሲ የተጎዳ። ደረጃው ከሞላ ጎደል በዓይን የሚሰጥ ነው። ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላ፣ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ይዟል፤ ገዢው ግን መጀመሪያ ብርሃን ላይ የሚያዘነብለው ክዳኑን ነው። ይህ ሞኝነት ብቻ አይደለም። የማያውቁት ሰው እንዴት አድርጎ እንደያዘው የሚመሰክር ሌላ ነገር ሲጠፋ ጭረት ደካማም ቢሆን ምስክር ነው፤ በተሰረጎደ ማዕዘን ውስጥ መውደቅ አለ፣ በመውደቅ ውስጥ ደግሞ ያልታየ ስብራት ሊኖር ይችላል።

ተጠቃሚው ራሱ ሲሠራ ክዳኑን አያየውም። ክዳኑ ፊቱን ያዞረው ፊት ለፊት ወደተቀመጠው ሰው ነው፤ ባለቤቱ የሚያየው ስክሪንና ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርዱም ላይ በየቀኑ የሚነኩት ቁልፎች ፊደላቸው ሲጠፋ ቅር የሚለው እምብዛም የለም። እንግዲያው ክዳኑን ከጭረት የሚጠብቅ ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀው ለማያውቀው ቀጣይ ገዢ ነው። ገና ያልመጣ ሰው ዕቃ በአደራ ይዟል ማለት ይቻላል፤ ለዚህ አደራ ሲልም ከራሱ ጥቅም ይቀንሳል፤ ዝናብ ሲያካፋ አያወጣውም፣ ልጅ አያስነካም፣ እርሻ ድረስ ይዞት አይወርድም። ላፕቶፑ የማይሸጥ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ማሽን ታላቅየው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተምሮበት ሲመረቅ መሐል ሜዳ መሰናዶ ለሚማረው ታናሹ ይተላለፋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ገዢ የሚባል ሰው ስለሌለ የክዳኑ ጭረት ዋጋ የለውም፤ ታናሽየው የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ዓይነት ግንኙነት ነው። እዚያ ላፕቶፑ አይሸጥም፣ በውርስም አይተላለፍም፤ ሞዴል 22 በተባለው ቅጽ ወጪ ተደርጎ በአንድ ሠራተኛ ፊርማ ላይ ያርፋል። ሠራተኛው ሲዛወር ካላስረከበ ክሊራንስ አያገኝም። እዚህ ጭረት የሚፈራው ለመልኩ ወይም ለዋጋው ሳይሆን ለተጠያቂነቱ ነው። አስቸጋሪው ነገር የወጪ ሰነዱ ዓይነቱን፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን እንጂ የገላውን ሁኔታ እምብዛም አለመመዝገቡ ነው፤ በርክክብ ቀን ስርጉዱ ከፊርማው በፊት ይሁን በኋላ የሚለይ የለም። ሲረከብ አንድ መስመር አስጽፎ የፈረመ ሠራተኛ በኋላ ከብዙ ጣጣ ይድናል። ብልሆች ፎቶ ያነሣሉ። ከዚሁ ጋር ጭረት በመሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። በአንድ ግዥ የገቡ ተመሳሳይ ላፕቶፖች ለስብሰባ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ሠራተኛው የራሱን የሚያነሣው መለያ ቁጥር አንብቦ ሳይሆን ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ጭረት አይቶ ነው። ኤክስኦ የተባለውን የልጆች ላፕቶፕ የነደፉት ሰዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በሺህዎች የሚቆጠሩ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት እነዚህ አረንጓዴና ነጭ ማሽኖች፣ ልጆች እርስ በርስ እንዳይለዋወጧቸው ክዳናቸው ላይ ያለው ምልክት በ400 የቀለም ጥንድ ተሠርቷል። የፕላስቲካቸው ውፍረትም ከተለመደው 1.3 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ከፍ ብሏል። ሊጫር የተዘጋጀ ዕቃ ነበር።

በዚሁ ደጋ ከላፕቶፕ በፊት ለዘመናት ጽሑፍ የተሸከመው ዕቃ ብራና ነው፤ የብራናውና የጉዳቱ ግንኙነት ከላይ ከታዩት ሁሉ ይለያል። ፍየል ሲገፈፍ ቢላ አምልጦ የበሳው ቆዳ መወጠሪያ ላይ ሲወጠር ትንሿ ቀዳዳ ሰፍታ ክብ ትሆናለች። ብራናውን የሚያዘጋጀው ሰው አንዳንዱን በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ አንዳንዱን እንዳለ ይተወዋል። ቁም ጸሐፊው ሲመጣ ቀዳዳው ላይ ደርሶ ቃሉን ይከፍለዋል፣ ተሻግሮ ይቀጥላል። ጉዳቱ ከጽሑፉ በፊት የነበረ ስለሆነ ጽሑፉ መንገዱን በሱ ያስተካክላል፤ ስፌቱን ለመደበቅ የተደረገ ጥረትም አይታይም። ዳዊቱ ለሽያጭ ተብሎ አልተጻፈምና ገጹን ለእንግዳ ዓይን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከአይጥና ከእርጥበት እንዲድን ነው። የባለቤትነት ለውጥ ግን ምልክት ይተዋል። መጽሐፉ ወደ ሌላ እጅ ሲገባ የቀድሞው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፋል፤ የተፋቀበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት የድሮው ስም አንዳንዴ ይነበባል።

ብራናው ገበያ ሲወጣ ደግሞ ሒሳቡ ከላፕቶፑ በተቃራኒ ይሄዳል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተወስደው 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት የኢትዮጵያ መጻሕፍት፣ የጣት እድፋቸውና የሰም ጠብታቸው የዕድሜና የአገልግሎት ማስረጃ ሆኖ ይጠናል። ለቱሪስት የሚሸጡ አዳዲስ ብራናዎችም ያረጁ እንዲመስሉ ጭስ ሲነካቸው፣ ሲታሹ ኖረዋል። አንዱ ነጋዴ ጭረት ይደብቃል፣ ሌላው ጭረት ይሠራል፤ ሁለቱም ገዢው ስለ ቀድሞው ባለቤት የሚያስበውን እየሸጡ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የሺህዎችን መጻሕፍት ገጽ ሲያነሣ፣ የሸንኮራው ተወላጅ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቹም ካታሎጉን ሲያዘጋጁ፣ ትኩረታቸው በጽሑፉ ላይ ነበር። ፊልሙ ግን ቀዳዳውንና ስፌቱንም አብሮ አንሥቷል። ምስሉ አሁን በላፕቶፕ ስክሪን ሲከፈት የብራናው ቁስል ለአጥኚ መረጃ ነው፤ ምስሉን የከፈተው ማሽን ጭረት ግን በየትም አይመዘገብም።

ላፕቶፕ ሲሸጥ የሚሆነው የብራናው ግልባጭ ነው። ጠንቃቃ ሻጭ ዲስኩን ፎርማት ያደርጋል፤ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የይለፍ ቃሉ ይጠፋል፣ አዲሱ ገዢ ሲከፍተው ማንም ያልተጠቀመበት ይመስላል። በዓመታት ውስጥ የተሠራው ሥራ ሁሉ ወጥቶ ከባለቤቱ የቀረው ክዳኑ ላይ ያለው ጭረት ብቻ ይሆናል፤ እሱም ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ቻርጀሩን የት ያስቀምጥ እንደነበር ነው። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ጥገና ቤት ይገባል። ስክሪኑ ለአንዱ፣ ኪቦርዱ ለሌላው ይወጣል፤ የተጫረው ክዳን ደግሞ ክዳኑ ለተሰነጠቀበት ማሽን ይገጠማል፣ በዚህም ጭረቱ ጨርሶ ካልጫረው ሰው ጋር ይኖራል።

የሚቀረው ገላ በቆራሌው ጆንያ ገብቶ እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሊደርስ ይችላል። አሉሚኒየሙ ከፕላስቲኩ ይለያል፣ መዳቡ ለብቻው ይወጣል፤ ባትሪው አስቀድሞ ካልተነቀለ መቀጥቀጡ እሳት ያስነሣል። ዋጋው በኪሎ ስለሆነ የተሰረጎደውም ያልተሰረጎደውም እኩል ነው፤ እንዲያውም ለጭነት እንዲያመች ተጨፍልቆ የመጣው ይመረጣል።